72 ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ 40 ደቂቃ፦ የክፍል መጨናነቅ የልጆችን ውጤት የሚጎዳው በየት በኩል ነው?

የመንግሥት 1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል ከ50 ተማሪ በላይ እንዳይዙ የሚለው መለኪያ የቆየ ነው፤ በብዙ ቦታ ግን በወረቀት ላይ ቀርቷል። መስከረም ላይ 1ኛ ክፍል ሲከፈት 70 እና 80 ልጅ በአንድ መዝገብ መስፈሩ የተለመደ ሆኗል። ውጤት ሲያሽቆለቁል ወላጅም መምህርም ጣቱን የሚቀስረው ወደዚህ ቁጥር ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ድሮስ 80 ሆነን አይደል የተማርነው?» ብሎ ይሞግታል።

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። የተማሪ ማነስ በራሱ አያስተምርም። የተማሪ መብዛት ግን መምህሩ በክፍለ ጊዜው ውስጥ ሊሠራቸው ከሚገቡት ነገሮች የተወሰኑትን ጨርሶ ከእጁ ያወጣቸዋል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ባሉት ዓመታት ከሚወጡት ሥራዎች ትልቁ እያንዳንዱ ልጅ ሲያነብ ጆሮ ሰጥቶ መስማትና እዚያው ማረም ነው። ይህ ሥራ ከተዘለለ 5ኛ ክፍል ላይ ሳይንስ የሚያስተምረው መምህር ማንበብ ለማይችል ልጅ ማስታወሻ ሲያስገለብጥ ይውላል። ስለዚህ ክርክሩ «ስንት ልጅ?» ከሚለው ዘልቆ «በየትኛው ክፍል? ምን ለመሥራት?» ወደሚለው መሄድ አለበት ብለን እናምናለን።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው

7 በ8 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል እንውሰድ። ለመምህሩ መንቀሳቀሻና ለፊተኞቹ ልጆች ዓይን ሲባል ከሰሌዳው ፊት 2 ሜትር ያህል ክፍት መተው አለበት። 7 በ6 ሜትር ይቀራል። 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ኮምባይንድ ዴስክ በሦስት መደዳ ሲደረደር 5 ሜትር ከ40 ይይዝና ለሁለት መተላለፊያዎች ለእያንዳንዳቸው 80 ሳንቲ ሜትር ያተርፋል። ወደ ኋላ አንዱ ዴስክ ከነመቀመጫው 1 ሜትር ያህል ስለሚወስድ ስድስት ረድፍ ይገባል፤ ጠቅላላው 18 ዴስክ ነው። በአንዱ ዴስክ ሦስት ልጅ ሲቀመጥ 54፣ አራት ሲቀመጥ 72 ይሆናል።

ለሦስት ሲሆኑ ለአንዱ ልጅ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ለአራት ሲሆኑ 45 ብቻ። በ45 ሳንቲ ሜትር ላይ ደብተር ዘርግቶ መጻፍ የሚቻለው ጎን ያለው ልጅ ክንዱን ሲሰበስብ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጽፉም። የመማሪያ መጽሐፉ ለሁለት ወይም ለሦስት ከሆነ ደግሞ ደብተሩና መጽሐፉ አብረው የሚቀመጡበት ቦታ የለም። መሐል የተቀመጡት ወደ ሰሌዳ ለመውጣት ዳር ያሉት መነሣት አለባቸው፤ ይህ ስለሚያውክ መምህሩ እየቆየ መሐል ያሉትን መጥራት ይተዋል። ደብተር ሲያይም እጁ የሚደርሰው መተላለፊያው ጥግ ያሉት ልጆች ጋ ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠ ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ሳይጠየቅና ደብተሩ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። መምህሩን በስንፍና ከመውቀስ በፊት የዴስኩን አቀማመጥ ማየት ይገባል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የኋላዎቹ ሁለት ረድፎች የመምህሩን ድምፅም አይሰሙም።

ጊዜውን ደግሞ እንቁጠር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም መጥራት ለአንድ ልጅ 3 ሰከንድ ቢወስድ ለ72 ልጅ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል፤ መግባትና መረጋጋት ሲጨመር 5 ደቂቃ ሄደ። ገለጻው 15 ደቂቃ ይወስዳል። ለልምምድና ለእርማት የቀረው 20 ደቂቃ ለ72 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 17 ሰከንድ ያህል ይደርሰዋል። ክፍሉ 40 ቢሆን ግን 30 ሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ፦ 32 ልጅ ቀንሰን ያገኘነው 13 ሰከንድ ብቻ ነው። መምህሩ እንደ ወትሮው ሰሌዳ ሞልቶ ጽፎ «ገባችሁ?» ብሎ ከወጣ ያ 13 ሰከንድ የት እንደገባ አይታወቅም። በአንጻሩ በቀን ስምንት ልጅ ለአንድ አንድ ደቂቃ ጎኑ አስቁሞ ቢያስነብብ 40 ልጆችን በአምስት ቀን ያዳርሳል፤ እያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ ይሰማል ማለት ነው። 72ቱን ለማዳረስ ዘጠኝ የትምህርት ቀን፣ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ይፈልጋል። በዚህ መካከል አንድ ልጅ ቢቀር ተራው እንደገና የሚደርሰው ወር ሊሞላው ሲል ነው።

በላይኛው እርከን የሚጎዳው እርማት ነው። የአንድ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ በትክክል ለማረም፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደሳተ ለማየት፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል እንበል። 72 ደብተር 108 ደቂቃ ነው። መምህሩ አራት ሴክሽን ቢይዝ ከሰባት ሰዓት በላይ፣ ያውም ለአንድ የቤት ሥራ። 40 ልጅ ያለባቸው አራት ሴክሽኖች ግን አራት ሰዓት ይወስዱበታል። ሰባት ሰዓት ትርፍ ጊዜ የሌለው መምህር የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ ገጹ ላይ አንድ ራይት አድርጎ ያልፋል፣ ወይም ልጆቹ ተለዋውጠው እንዲያርሙ ያደርጋል፣ ወይም የቤት ሥራ መስጠት ያቆማል። ፈተናውም እውነት ወይም ሐሰት፣ አዛምድና ምርጫ ይሆናል፤ ለማረም የሚፈጥነው እሱ ነውና። አንቀጽ መጻፍ ከቋንቋ ትምህርት የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው፤ 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አምስት ዓረፍተ ነገር አያይዞ መጻፍ ሲያቅተው ሥሩ እዚህ ጋ ይገኛል።

የኅብረት ንባብ የሚሸፍነው

በአማርኛ ማንበብ የሚጀምር ልጅ 33 ፊደላትን በሰባት በሰባት ድምፅ፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር፣ ለይቶ ማወቅ አለበት። በተጨናነቀ ክፍል ይህ የሚሠራው በኅብረት ነው፤ መምህሩ በአለንጋ ወይም በእንጨት ይጠቁማል፣ ክፍሉ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላል። ኅብረቱ ክፉ አይደለም፤ ድምፁን ከነቅደም ተከተሉ ጆሮ ውስጥ ያስገባል። ችግሩ ልጁ ቅርጹን ሳያይ ዜማውን ብቻ ይዞ መሄድ መቻሉ ነው። ከውጭ ሲሰማ ክፍሉ በሙሉ የሚያነብ ይመስላል።

ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው። ፊደሉን ከተራው አውጥቶ፣ «ሙ»ን ለብቻ፣ ቀጥሎ «ቲ»ን፣ ቀጥሎ «ዶ»ን ማሳየት። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ ከግዕዙ ተነሥቶ በልቡ እየቆጠረ ነው መልሱ ላይ የሚደርሰው፤ አንዳንዱ አይደርስም። ቅርጻቸው የሚቀራረብ ፊደላት፣ ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ያምታቱታል። ሌላው ምልክት ጣት ነው፦ ምንባብ በኅብረት ሲነበብ የልጁ ጣት ከሚወጣው ድምፅ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከሄደ እያነበበ አይደለም፣ ያስታወሰውን እያለ ነው። 35 ልጅ ባለበት ክፍል በመደዳው መሐል የሚያልፍ መምህር ይህንን በዓይኑ ይይዘዋል። 80 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ወደ ልጁ የሚያደርስ መተላለፊያም የለም።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክም በአሥር ዓመታቸው አጭር ጽሑፍ አንብበው የማይረዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች 90 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ይገምታል። ይህ ሁሉ ከመጨናነቅ ብቻ አልመጣም፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህራን ዝግጅት፣ ርኃብ፣ ቅርብ ጊዜ ደግሞ በጦርነት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች አሉበት። ነገር ግን ፊደል ያልለየው ልጅ ሳይታወቅ ሦስት ዓመት ተደብቆ ሊያልፍ የሚችለው ክፍሉ ሲጨናነቅና በነፃ ማሳለፍ ሲታከልበት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አዩ?

በዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቀሰው በአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1989 የተካሄደው ሙከራ ነው። በ79 ትምህርት ቤቶች ከ11 ሺህ በላይ ልጆችና መምህሮቻቸው በዕጣ ተመደቡ፤ ከፊሉ ከ13 እስከ 17 ልጅ ወዳለበት ክፍል፣ ከፊሉ ከ22 እስከ 25 ወዳለበት፣ የቀሩት ደግሞ እንደዚሁ 22–25 ሆነው ረዳት መምህር ወደታከለበት። ትንንሾቹ ክፍሎች በንባብም በሒሳብም በለጡ፤ ይበልጥ የተጠቀሙት የድኃ ቤተሰብ ልጆችና ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ረዳት መምህር መጨመሩ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም። ይህን ውጤት ይዘው «በክፍል ያለው የተማሪ ቁጥር ይቀነስ» የሚሉ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባው እዚያ «ትልቅ» የተባለው ክፍል ከእኛ መለኪያ ግማሽ መሆኑን ነው።

ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በምዕራብ ኬንያ 140 ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ የኮንትራት መምህር ተሰጥቷቸው 1ኛ ክፍልን ከሁለት ከፈሉ፤ ከ80 በላይ የነበረው ክፍል ወደ 45 ገደማ ወረደ። ሆኖም በነባሮቹ መምህራን እጅ የቀሩት ልጆች ውጤት ብዙም ፈቀቅ አላለም። አንዱ ምክንያት ተጨማሪ ሰው መምጣቱን ያዩ ነባር መምህራን ከክፍል መቅረት ማብዛታቸው ነበር። ሌላው ማስተማሪያ ዘዴው እንደነበረ መቀጠሉ ነው። በኮንትራት መምህራን የተማሩት ግን ተሻሻሉ። የወላጆች ኮሚቴ የመምህራንን መገኘት እንዲከታተል ሥልጠና ባገኘባቸው ትምህርት ቤቶችም ለውጥ ታየ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ክፍሉ በዕጣ ሳይሆን ልጆቹ ቀድሞ በነበራቸው ውጤት በተከፈለባቸው ትምህርት ቤቶች ላይኞቹም ታችኞቹም ከፍ ማለታቸው ነው። መምህሩ ለሁሉም የሚመጥን አንድ ትምህርት ከመፈለግ ተገላገለ።

በሕንድ ሙምባይና ቫዶዳራ ከተሞች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተደረገው ደግሞ ይህንን ያጠናክረዋል። ወደኋላ የቀሩ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ከክፍል ወጥተው የአካባቢው ወጣት ሴቶች ንባብና ስሌት ያስተምሯቸው ነበር። የወጡት ልጆች በግልጽ ተሻሻሉ። የቀሩት ግን ክፍላቸው በ20 ልጅ ቢቀልላቸውም ከፍ አላሉም።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 ታችኛዎቹን ክፍሎች ወደ 20 ለማውረድ ስትጣደፍ በሺዎች የሚቆጠር መምህር በአንዴ አስፈለጋት። በድኃ ሰፈሮች ያሉ ልምድ ያላቸው መምህራን ወደተሻለ ሰፈር ተዛወሩ፤ ቦታቸውን ያልሠለጠኑ ሰዎች ሞሉት። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን በ1990ዎቹ ዓ.ም. የትምህርት መስፋፋት ጊዜ የአንድ ዓመት የሰርተፍኬት ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች 1ኛ ክፍል ላይ ይመደቡ ነበር። የብዙ ወገኖቻችን ልጆች የሚማሩባት እስራኤልም ትምህርት የምትሰጥ ናት፦ አንድ ክፍል 40 ሲያልፍ ለሁለት ይከፈል ነበር፣ 41 ልጅ 20 እና 21 ይሆን ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በነበረ መረጃ ይህ የልጆችን ውጤት ከፍ አድርጎ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ በኋለኞቹ ዓመታት መረጃ ሲደግሙት ግን ጥቅሙ አልታየም።

አማካዩ የሚደብቀው

በ1986 ዓ.ም. ክፍያ ከቀረ በኋላ የ1ኛ ደረጃ ተማሪ ከ3 ሚሊዮን አካባቢ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 20 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የተጨናነቀ ክፍል ከተዘጋ በር ይሻላል። በ1990ዎቹ ማብቂያ አንድ ክፍል በአማካይ ወደ 70 ልጅ ይይዝ ነበር፤ በኋላ አማካዩ ወደ መለኪያው እየቀረበ ሄዷል።

አማካዩን ግን ማመን አይቻልም። የተማሪ መምህር ጥምርታ እና የተማሪ ክፍል ጥምርታ የተለያዩ ናቸው። 720 ተማሪና 18 መምህር ያለው ትምህርት ቤት ጥምርታው አንድ ለ40 ነው፤ ሪፖርት ላይ ያምራል። መማሪያ ክፍሉ አሥር ብቻ ከሆነ ግን በአንዱ ክፍል 72 ልጅ ነው የሚቀመጠው፤ የተቀሩት መምህራን ተራቸው እስኪደርስ መምህራን ማረፊያ ይቆያሉ። ከዚያ ደግሞ ክፍሎቹ እኩል አይደሉም። 1ኛ ክፍል ዕድሜው ያልደረሰውም፣ ያለፈበትም፣ የደገመውም፣ ኦ ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው መሰናዶ) ያላገኘውም ይሰበሰብበታል። 7ኛ እና 8ኛ የሚደርሱት ግን ብዙ ልጆች ካቋረጡ በኋላ ስለሆነ ይሳሳሉ። በከተማ የትምህርት ቤት ምገባ ሲጀመር ደግሞ ምዝገባው ይጨምራል፣ መቅረትም ይቀንሳል። መዝገብ ላይ 75 ሆኖ በየቀኑ 55 ይመጣ የነበረው ክፍል 75ቱም ይመጣሉ። ምገባው በረከት ነው፤ ከክፍል ግንባታና ከመምህር ምደባ ጋር አብሮ ካልታቀደ ግን ጫናው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ገንዘብ ሳይወጣ የሚቻለው

ርዕሰ መምህሩ በእጁ ካለው ይጀምር። በ1ኛ ክፍል 180 ልጅ በሁለት ሴክሽን፣ በ7ኛ ክፍል 120 ልጅ በሦስት ሴክሽን የያዘ ትምህርት ቤት 90 እና 40 ነው ያለው። 7ኛን በሁለት ቢያደርገውና የተረፈውን ክፍል ለ1ኛ ቢሰጥ ሁሉም 60 ይሆናሉ። የ7ኛ ክፍል መምህራን ያጉረመርማሉ፣ ምክንያትም አላቸው። ግን የተዘጋጀ መጽሐፍ አንብቦ መከተል የሚችል የ13 ዓመት ልጅ 60 ሆኖ መማር ይችላል፤ ፊደል ያልለየ የ7 ዓመት ልጅ 90 ሆኖ አይችልም። ለ1ኛ ክፍል አዲስ ወይም ደካማ የሚባለውን መምህር መመደብ የሚባለው ልማድም በዚያው መቅረት አለበት፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ፊደል በማስለየት የተመሰከረለት ሰው የሚገባው እዚያ ነው።

ፈረቃ ሌላው መንገድ ነው፣ ዋጋው ግን ይታወቅ። ስምንት ክፍል ኖሮት 560 ልጅ በሙሉ ቀን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአንዱ ክፍል 70 ይይዛል፤ በፈረቃ ቢከፍለው 35 ይሆናል። ልጁ ግን በቀን ከሚያገኘው ትምህርት ሲሶ ያህሉን ያጣል፣ መምህራኑም ሁለት ፈረቃ ከሠሩ እርማት የሚባል ነገር ያበቃል። ከኮቪድ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት ልጆች ቀን እየተፈራረቁ በትንንሽ ክፍል ሲማሩ ይኸው ታየ፦ ክፍሉ ሳሳ፣ የትምህርት ቀኑም አብሮ ሳሳ። ፈረቃ የሚያዋጣው የቀረው ሰዓት በሙሉ ለንባብና ለስሌት ሲሰጥ ነው።

በቦታ ላይ ምንም ማድረግ ካልተቻለ በደረጃ መከፋፈል ይቻላል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ አስነብቦ ፊደል ያልለየ፣ ቃል የሚያነብ፣ ምንባብ የሚያነብ ብሎ በሦስት መመዝገብ። ከዚያ የ2ኛ እና የ3ኛ ክፍል መምህራን በቀን አንድ ተመሳሳይ ክፍለ ጊዜ ይዘው ልጆቹን ከሴክሽናቸው አውጥተው በዚሁ ደረጃ መልሰው ይከፋፍሏቸው፤ ፊደል ያልለዩት በቁጥር የሚያንሰው ቡድን ይሁኑ። በየስድስት ሳምንቱ እንደገና ተለክቶ የበረታው ወደ ላይ ይውጣ። ይህ ካልተደረገ ልጁ ላይ «ሰነፍ» የሚል ስም ይለጠፍበትና ቡድኑ እስር ቤት ይሆናል። አንድ ለአምስት የሚባለው፣ ልጆች በአንድ ጎበዝ ተማሪ መሪነት በቡድን የሚሠሩበት አደረጃጀት ብዙ ቦታ የከሸፈው በዚሁ ነው፤ ጎበዙ ሠርቶ የተቀሩት ገለበጡ፣ መምህሩም የቡድን መሪውን ደብተር ብቻ አይቶ አለፈ። ቡድኑ ከቀጠለ ደብተሩ የሚታየው የቡድኑ መሪ ሳይሆን በዕጣ የሚወጣ ልጅ መሆን አለበት።

በዴስኩ ላይ በየሁለት ሳምንቱ መቀያየር፣ መሐል የነበረውን ዳር፣ ኋላ የነበረውን ፊት ማምጣት፣ አንድ ጠመኔ አያስወጣም። የቤት ሥራ እርማትንም በየቀኑ አንድ መደዳ ብቻ፣ ግን በትክክል፣ ማረም ይቻላል፤ 24 ደብተር በ36 ደቂቃ ያልቃል፣ በሦስት ቀን ክፍሉ ይዳረሳል።

ወረዳው ገንዘብ ሲያገኝ ደግሞ ስሌቱ ይህ ነው። 70 ልጅ ያለባቸው ስምንት ሴክሽኖች ወደ 50 እንዲወርዱ 12 ሴክሽን ያስፈልጋል፤ አራት ክፍልና አራት መምህር መጨመር ማለት ነው። ሁሉንም በአንዴ ከመሞከር አራቱንም ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል መስጠት ይሻላል፤ ላይኞቹ ለጊዜው ባሉበት ይቆዩ። ምዝገባው ነሐሴ ላይ በክፍል ደረጃ ተለይቶ ለወረዳው ካልደረሰ ግን የመምህር ምደባው ኅዳር ይሆናል፣ ያን ጊዜ ልጆቹ ሦስት ወር በኅብረት ሲያዜሙ ቆይተዋል።

ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ ጥምርታውን ከፋይል ገልብጦ ከመሄድ መዝገቡን ይክፈትና በግድግዳው በኩል ከኋላ ረድፍ አምስት ልጅ ይጥራ። ባለፈው ሳምንት የተማሩትን ገጽ ያስነብባቸው። ደብተራቸው ላይ የመምህሩ እርማት መጨረሻ የታየበትን ቀን ይመዝግብ። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ ደግሞ ሌሎች አምስት ልጆችን።